ኮሶዬና የምንበላው የምንጠጣው ስም

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ስለ ሰው ስም ይኸ አባባል እውነት ሊሆን ይችላል፤ የምግብንና የመጠጥን ስም ግን ያወጡት እናቶች በምድጃ ዳር፥ ነጋዴዎች በገበያ፥ ሕመምተኞችም በመኝታቸው ላይ ሆነው ነው። እኛ በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው፥ ከመካከላችን የኮሶዬ ልጆች ስላሉና የአገራቸው ስም በተጠራ ቍጥር ሳቅ ስለሚነሣ ነው። «እናንተ መራሮች» እየተባሉ ሲቀለድባቸው ሰምተናል፤ እውነቱን ለመናገር አብረን ስቀናል። ስለዚህ በሳቁ ፈንታ ታሪኩን መርምረን ብናቀርብ ይሻላል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምግባችንን ስሞች ስንመለከት ብዙዎቹ ከሥራው የተገኙ ናቸው። የተጠበሰው ጥብስ፥ የተቀቀለው ቅቅል፥ የተከተፈው ክትፎ፥ የተፈተፈተው ፍትፍት፥ የተቆላው ቆሎ፥ የነፈረውም ንፍሮ ይባላል። የእነዚህን ትርጕም ለማወቅ ሊቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የባለሙያዋን እጅ መመልከት ይበቃል። አንዳንዱ ስም ደግሞ ከገበታው አልፎ ሰፊ ትርጕም ይዟል። እንጀራ የሚበላው ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነው፤ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» እንላለን። ወላጅ ሳይሆን የሚያሳድገውንም የእንጀራ አባት ብለን እንጠራዋለን።

ሌሎቹ ስሞች የመጡበትን መንገድ ይናገራሉ። በቆሎ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ እህል ስለሆነ ከ1492 ዓ.ም. በፊት በአገራችን ሊታወቅ አይችልም ነበር። በጎንደር አካባቢ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ብለው ሰየሙት፤ ማሽላ ይመስላልና፥ ከባሕር ማዶም መጥቷልና። ባሕር ዛፍም ስሙን ያገኘው በዚሁ ዐይነት ነው። ኢጣልያኖች ደግሞ ያንኑ በቆሎ «የቱርክ እህል» አሉት። እያንዳንዱ ሕዝብ እንግዳውን እህል ከሩቅ አገር ስም ጋራ አያይዞ ጠራው ማለት ነው። ዛሬ የወገራና የደባርቅ ገበሬ አጥብቆ የሚያመርተውን ድንች ወደ አገራችን ያስገባው፥ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ በ1858 ዓ.ም. ነው።

በመጠጥም እንዲሁ ነው። አረቄ ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ላብ ማለት ነው፤ ከጋኑ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ስለሚል ይኸን ስም አገኘ። የማር መጠጥ በግዕዝ «ሜስ» ሲባል፥ በአማርኛ ጠጅ ተባለ፤ ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ ሜስ በሚለው ስም ይጠራዋል። እኛ ቡና የምንለውን ዐረቦች ፍሬውን «ቡን»፥ መጠጡን «ቀህዋ» አሉት። ይኸ ሁለተኛው ቃል በቱርኮች በኩል አልፎ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ገባ።

እንግዲህ ወደ ኮሶዬ እንመለስ። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ የምትገኝ የወገራ ደጋ ናት። በስሟ ውስጥ የምንሰማው ዛፉን ኮሶን ነው። ኮሶ በደጋ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር የሚበቅል፥ ቀላ ያለ አበባው እንደ ዘለላ የሚንጠለጠል ዛፍ ነው። ቃሉ ግን ዛፉን ብቻ አይጠራም። ከአበባው የሚዘጋጀው መጠጥም ኮሶ ነው፤ መጠጡ የሚያስወጣው ትልም ኮሶ ነው። ሰው «ኮሶ ታየኝ» ቢል ስለ ሕመሙ፥ «ኮሶ ጠጣሁ» ቢል ስለ መድኃኒቱ መናገሩ ነው። ሕመሙና ፈውሱ በአንድ ስም የሚጠሩበት እንዲህ ያለ ቃል ብዙ አይገኝም።

ምክንያቱም ከምግባችን ጋራ የተያያዘ ነው። የትሉ ዘር በከብት ሥጋ ውስጥ ስለሚያድር ብርንዶ የሚበላ ሰው በቀላሉ ይያዛል። የጥሬ ሥጋ ግብዣ በነበረበት ቤት ሁሉ ኮሶም ነበረ ማለት ይቻላል። የሴቴው ዛፍ አበባ ይደርቅና ይፈጫል፤ ከውሃ ወይም ከጠላ ጋራ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ በጧት ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት እንግዳ አይቀበልም፤ ከሥራም ያርፋል። መጠኑ ከበዛ ግን ሰውን ይጎዳል፤ ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ኪኒን ተመራጭ ሆኗል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምፅዋ ተነሥቶ በሊማሊሞና በወገራ አልፎ በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ኮሶንም በመጽሐፉ ገልጦ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። በ1791 ዓ.ም. ግን ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ለካርል ሀገን መታሰቢያ «ሀገኒያ» አለው፤ «አቢሲኒካ» የሚለው ተጨማሪ ስም ብቻ አገራችንን እንዲያስታውስ ቀረ። የሳይንስ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። የወገራ ሽማግሌ የሚያውቀው መድኃኒት በሰው አገር ክብር ሲያገኝ በአገሩ ግን መሳለቂያ ሆኖ ቆየ።

ለዚህ ማስረጃ ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የበለጠ አናገኝም። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ በጎንደር ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን እንዳሳደጉ ይነገራል። በ1840ዎቹ ካሣ በሸፈቱ ጊዜ፥ ከእቴጌ መነን የተላኩት ደጃዝማች ወንድይራድ «ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብለው ፎከሩ። በጦርነቱ ግን የተማረኩት ፎካሪው ሆኑ። ካሣም «እናቴ ዛሬ ገበያ ወጥታ ኮሶዋን የሚገዛት አጣች፤ እርስዎ ይጠጡላት» ብለው አጠጧቸው እየተባለ ይተረካል። ያ የኮሶ ሻጭ ልጅ በየካቲት 1855 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

እኛ ይኸን ስናነብ በደጃዝማቹ ፉከራና በራሳችን ሳቅ መካከል ያለውን ዝምድና አየን። የተሰደበችው ሴት ያደረገችው ነገር ቢኖር፥ ታላላቆቹ በግብዣ ለያዙት ሕመም መድኃኒት መሸጥ ነበር። እነርሱም ጧት ከእርሷ ገዝተው ይጠጣሉ፤ ማታ በስሟ ይሳደባሉ።

ዛሬ የሚያስፈራን ሌላ ነገር ነው። ኮሶ ለሳንቃና ለማገዶ እየተቆረጠ ከብዙ ደጋዎች እየተመናመነ ሄዷል። ዛፉ ቢጠፋ ኮሶዬ የሚለው ስም ትርጕሙን የሚያሳይለት ምስክር ያጣል፤ ልጆቻችንም የምን ስም እንደ ሆነ የሚጠይቁት አያገኙም። ስለዚህ ታናናሾቻችንን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በየቤታችሁ የምትበሉትንና የምትጠጡትን ስም ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ እንድትጽፉ፥ ደግሞም ክረምት ሲገባ አንዳንድ የኮሶ ችግኝ እንድትተክሉ። ከኮሶዬ የመጡትን ጓደኞቻችንን ግን ስለ ሳቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።