አድሮ የሚሞት ባትሪ፤ ከማኖቬላ ዘመን እስከ ኤሌክትሪክ መኪና

ማታ በደኅና የቆመ መኪና ማለዳ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ማለቱ በደጎሎ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። የሌሊቱ ብርድ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፤ ባትሪው የሚሰጠውንም ኃይል ይቀንሳል። ቆላ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ወራት ሊያገለግል ይችል የነበረው ደካማ ባትሪ ደጋ ላይ በአንድ ሌሊት ይጋለጣል። ይሁን እንጂ ደሴ ድረስ ልኮ አዲስ ባትሪ ያስመጣ ባለመኪና፣ ከሳምንት በኋላ አዲሱም እንደ አሮጌው ሞቶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ሌባው ባትሪው ራሱ ነው ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ኃይሉን የሚጠጣ ሌላ ዕቃ? የዚህ ጥያቄ መልስ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል።

በመጀመሪያ ጥያቄውም አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው አውቶሞቢል የሚነሣው በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነበር። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስና የአሲድ ባትሪን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1859 ቢሆንም፣ ባትሪው ሞተር ለማስነሣት እስኪውል ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ማኖቬላው ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ስለ ነበር፣ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። ክንድ ዳነ፤ የመኪናው መነሣት ግን ከዚያ ወዲህ የባትሪ ጥገኛ ሆነ።

ይህ ማስነሻ በኢትዮጵያ የሚጠራበት ስም «ሞተሪኖ» የኢጣልያኖች ነው፤ ካንዴላም፣ ፍሬንም፣ ጎማም እንዲሁ። የኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃሎቹ ከጋራዥ አብረውት አልወጡም።

በዚያ ዘመን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነበር። ዲናሞ ሲዞር ኃይል ይሰጣል፤ ሲቆም ግን ባትሪው ራሱን እንደ ሞተር ሊያዞረው ይሞክራል። ይህን የሚከለክለው ከረጉሌተሩ ጋር የሚገኝ አንድ ትንሽ ቆራጭ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግንኙነቱን ይከፍታል። የቆራጩ ጥርሶች በእሳት ብልጭታ ተጣብቀው ከቀሩ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ በዲናሞው ውስጥ ይፈስሳል። የቀድሞ ባለሙያ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ዲናሞውን በእጁ ይዳስስ ነበር፤ ሌላው ሁሉ በርዶ ዲናሞው ብቻ ሞቆ ከተገኘ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

ክራይዝለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪና ላይ የገጠመው ኦልተርኔተር ቀስ በቀስ ዲናሞን ሲተካ፣ ቆራጩ ቀርቶ ሥራውን ዳዮድ ወረሰ። ጥርስ የለውምና አይጣበቅም፤ ሲበላሽ ግን ያሳልፋል፤ መበላሸቱም በዓይን አይታይም። በተጨማሪም በዚያን ጊዜ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ከአካላቸው ጋር የሚያያዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ስለ ነበር፣ ባትሪን ገልብጦ ማሠር ዳዮዶቹን በቅጽበት ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ከመፍቻ ይቀድማል። የ60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 5 ዋት አምፖል በርቶ ቢቀርበት፣ አምፖሉ የሚጠጣው 0.4 አምፔር ያህል ነው፤ በ12 ሰዓት 5 አምፔር-ሰዓት ብቻ ይሆናል። ደኅና ባትሪ በዚህ አይሞትም። ሁለት 55 ዋት የፊት መብራቶች ግን 9 አምፔር ያህል ስለሚወስዱ በ7 ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሞተ ባትሪ ወይ በብዙ አምፔር ፈስሷል፣ ወይ ቀድሞውንም ደክሟል፣ ወይም ቀን አልተሞላም። በተለምዶ «አምፖል በርቶ አድሮ ነው» የሚባለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሒሳቡን አያልፍም።

ቀን መሞላቱ ሞተሩ ሲሠራ በቮልት መለኪያ ይታወቃል፤ 14 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ባትሪው በሃይድሮሜትር ሲለካ ሙሉ ከሆነ 1.265 ያህል ያሳያል፤ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ከ0.05 በላይ ካነሰ ባትሪው ራሱ ታሟል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ኔጋቲቭ ገመዱ ይፈታና አምፔር መለኪያ በመካከል ይገባል፤ መለኪያ በሌለበት ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። ደምቆ ከበራ ፍሳሹ ብዙ ነው። ፊውዞች አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ሲነቀል ብርሃኑን ያጠፋው ፊውዝ መንገዱን ያሳያል። ፊውዞች ሁሉ ተነቅለው አሁንም ከበራ፣ የኦልተርኔተሩ ወፍራም ገመድ ይፈታ፤ እርሱ በብዙ መኪና በፊውዝ ሳጥን በኩል አያልፍምና።

በጃማ ወረዳ አንድ ሌላ ሌባ አለ፤ ጥቁሩ ዋልካ። በክረምት የባትሪውን ጀርባ የሸፈነ እርጥብ ጭቃ ከአሲድ ተን ጋር ሲቀላቀል ከጫፍ ወደ ጫፍ ቀጭን መንገድ ይሠራል። ብቻውን በአንድ ሌሊት ባይገድልም የደከመውን ያፋጥናል፤ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማጠብ ይበቃዋል።

በኮምፒዩተር በሚሠሩ መኪናዎች ዘዴው ያው ሆኖ ትዕግሥት ተጨምሮበታል። በር ሲከፈት መቆጣጠሪያዎቹ ይነቃሉ፤ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ሳይጠብቅ የለካ ሰው የሌለ ሌባ ይይዛል። ሲተኙ ፍሳሹ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 አምፔር አይበልጥም፤ በኋላ የተገጠመ መከታተያ ወይም ቴፕ ግን ሊያበዛው ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ሞተሪኖ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ወደ ጋራዥ እየመጡ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ግን 12 ቮልት ባትሪው አልቀረም። እርሱ ከሞተ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች አይሠሩም፤ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይንቀሳቀስም። ሾፌሮች የሚያውቁት ዘዴ፣ መኪናን ቁልቁል አቁሞ አድሮ በማለዳ በማርሽ ማስነሣት፣ እዚህ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ሌላ የ12 ቮልት ባትሪና ሁለት ገመድ ነው።