ከጎንደር እስከ ቍስቋም፤ ስለ ግንቡና ስለ እርሻው

ከጎንደር የነገሥታት ግቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ እግረኛ የቀሃን ወንዝ ተሻግሮ አንድ ሰዓት ያህል ቢጓዝ፥ በደብረ ፀሐይ ተራራ ወገብ ላይ ካለችው ከቍስቋም ማርያም ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ነገር ግን የጎንደር መንግሥት በምን ይኖር እንደ ነበር የሚያስረዱት ነገሮች ሁሉ በተራ ተሰልፈውበታል። መጀመሪያ የንጉሡ ግንብ፥ ቀጥሎ ወንዙ፥ ከዚያ መንደሩና እርሻው፥ በመጨረሻም የእቴጌይቱ ቅጥር ይገኛል። ዛሬ ከተማው እየሰፋ ወደ ተራራው ግርጌ ቢቀርብም፥ ከጤፉ፥ ከኑጉና ከባቄላው ማሳ ሁሉም አልጠፋም። መንገደኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ግንቦች ተመልክቶ በመካከላቸው ያለውን እርሻ እንደ ባዶ ቦታ ያልፈዋል። ይህም ታላቅ ስሕተት ነው፤ ግንቡን ያቆመውና ያኖረው እርሻው ነበርና።

እቴጌ ምንትዋብ፥ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የቋራ ተወላጅ ነበሩ። ባላቸው ዐፄ በካፋ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1730 ሲሞቱ (ከዚህ በኋላም ዓመታቱ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው) ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበር፥ እርሳቸውም ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ያዙ። በዚያው በ1730ዎቹ ዓመታት በደብረ ፀሐይ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ጊዜ ካረፈችበት፥ በግብፅ አገር ካለው ከቍስቋም ተራራ የተወሰደ ነው። በዓሉም ኅዳር 6 ቀን፥ የደጋው አዝመራ ለአጨዳ በሚደርስበት ወራት ይከበራል።

በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥቱን ልጆች ለማከም በዚህ ግቢ ተቀምጦ ነበር። እርሱ እንደ ጻፈው፥ በውጭው ቅጥር ውስጥ የሚኖሩት ወታደሮች፥ ሠራተኞችና የውጭ አገልጋዮች ነበሩ፤ በውስጠኛው ቅጥር ደግሞ ሹማምንቱና ካህናቱ ይኖሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ቍስቋም የአንዲት እቴጌ የዕረፍት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሰው የሚበላበትና የሚያገለግልበት፥ ራሱን የቻለ መንደር ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው የሚመገበው ለደብሩ ከተሰጠው መሬት ነው። የዘመኑን ሥርዐት ለመረዳት ሦስት ቃላት መለየት ያስፈልጋል። ርስት ማለት ባለአገሩ በአባቱም በእናቱም ወገን የሚወርሰው የመሬት መብት ነው። ጉልት ማለት መሬቱን ማረስ ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር መቀበል ነው። ሪም ደግሞ ለደብሩ በሚደረግ አገልግሎት ምክንያት ለአንድ ሰው በስሙ የሚቈረስ መሬት ነው። ምንትዋብ ለቍስቋም ጉልት የሰጡት በተራራው ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በሌሎችም ወረዳዎች ነው፤ ሪሙም ለደብተሮችና ለካህናት፥ ለመኳንንትና ለወይዛዝርትም ተከፋፍሏል። ቅዳሴና ማሕሌት የማያውቀው ባለሪም ምትክ አቁሞ መሬቱን ይዞ ይኖር ነበር።

ሪም የሚሸጥና የሚወረስ ነበርና፥ ሽያጩ በጎንደር አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፥ በወቄት ወርቅ የተቈጠረው ዋጋ፥ ዋሱና እማኞቹ በዚያ ይገኛሉ። ከሻጮቹና ከገዢዎቹም መካከል ብዙ ሴቶች አሉ፤ ይህም በዚያ ዘመን ሴት በመሬት ላይ የነበራትን መብት ከማንኛውም ዜና መዋዕል ይልቅ በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን ሞፈርና ቀንበር የሚይዘው ገበሬ በዚህ መዝገብ ውስጥ ከስንት አንድ ጊዜ ቢነሣ ነው። መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን ያርሰው እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው መጽሐፉን ትቶ ወደ ማሳው መውረድ ይኖርበታል።

በቤተ መንግሥቱ ላይ ክፉ ቀን ቶሎ መጣ። በ1769 የምንትዋብ የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ፤ እቴጌይቱም በ1773 ዐረፉ። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማውን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ፥ በ1888ም ድርቡሾች በገቡ ጊዜ የጎንደር አድባራት ተቃጠሉ። የቍስቋም ቤተ መንግሥት ከነአዳራሹ ፈርሶ ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ዳግመኛ ተሠርቶ አገልግሎቱ ቀጠለ። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምእመናኑ ለታቦቱ ያላቸው ፍቅር ብቻ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ የቆመው በአንዲት እቴጌ ሥልጣን ነበርና ከእርሳቸው ጋር ወደቀ፤ ደብሩ ግን መሬት የነበራቸውን፥ በመሬቱም ምክንያት አገልግሎት ያለባቸውን ሰዎች ይዞ ነበር። ግንብ በእሳት ይጠፋል፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የመሬት መብት ግን በእሳት አይጠፋም።

ያ መብት የቀረው በሕግ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ማለት በ1975፥ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ሲወጣ ጉልትም ሪምም አብረው ቀሩ። በ1979 ደግሞ የጎንደር ግንቦች በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ ቍስቋምም ከነርሱ ጋር ይቈጠራል። በአራት ዓመት ውስጥ እርሻው ከግንቡ ተለየ፥ ግንቡም ለብቻው ቅርስ ተባለ። ለገበሬው የመጀመሪያው ነገር መልካም እንደ ነበረ አይካድም፤ ሁለተኛውም ለድንጋዩ ይጠቅማል። ለታሪክ ተማሪ ግን አንድ ሥራ ተርፎለታል፤ ይኸውም የድንበሩን ስም፥ የማሳውን ስም፥ ማን ለማን ይገብር እንደ ነበር ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቆ መጻፍ ነው። ቤት በተሠራበት ማሳ ላይ የማሳው ስም ብዙ አይቈይምና።