የሕፃን ወንበር ካስማ፦ «አይሶፊክስ» ምንድን ነው?

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ጅማ ላይ ደላላ ሲያገኝ የሚጠይቀው ይታወቃል። ሞተሩ ወርዷል? ቀለሙ የፋብሪካ ነው? በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ሊብሬው በማን ስም ነው? ቦሎ አለው? ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን የያዘች ሰውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ጎማውን በጫማው መታ መታ ያደርጋል፣ ፍሬኑን ሞክሮ ይመለሳል። የኋላውን በር ከፍቶ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ጣቱን የሚከት ገዢ ግን ብርቅ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ለሚመጣው አዲስ ተሳፋሪ ግን ከመኪናው ሁሉ ዋናው ቦታ እዚያ ነው።

እዚያ ስንጥቅ ውስጥ የሚፈለገው ነገር የዓለም ስሙ «አይሶፊክስ» ይባላል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ከመኪናው የብረት አካል ጋር ተጣብቀው የወጡ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ናቸው፤ ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 28 ሴንቲ ሜትር። ለዚሁ የተሠራው የሕፃን ወንበር ከሥሩ ሁለት ክንዶች አሉት። ወደ ውስጥ ሲገፉ ዘንጎቹን ነክሰው «ቀጭ» ይላሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ በትክክል መያዙን የሚያሳይ ቀይ ምልክት ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። ወንበሩ በግጭት ጊዜ ወደ ፊት እንዳይገለበጥ ሦስተኛ መያዣ ይጨመርለታል፦ ወይ ከወንበሩ አናት ተነሥቶ ከመኪናው የኋላ አካል ጋር የሚታሰር ጠፍር፣ ወይ ወለሉን የሚረግጥ እግር። ስሙ የመጣው ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ምኅጻር «አይሶ» እና ማጥበቅ ከሚል ቃል ነው። ደረጃው ቁጥር 13216 ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ማያያዣ» ልቅ ነው፤ የወረቀትም የልብስም ማያያዣ አለ። «መልሕቅ» የሚሉ አሉ፤ ባሕር የሌለው አገር ሰው ግን መልሕቅን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። እኔ የምመርጠው «ካስማ» ነው። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሁሉ ካስማን ያውቃል፤ ነፋስ ሲመጣ ድንኳኑን የሚያቆመው ሸራው ሳይሆን መሬት ውስጥ የገባው ነገር ነው። ስለዚህ በመኪናው ያሉት ሁለት ዘንጎች «የወንበር ካስማ»፣ ከላይ የሚታሰረው «የላይ ጠፍር»፣ ራሱ መቀመጫው «የሕፃን ወንበር» ቢባሉ ይገባል። አዲስ አበባ «ካር ሲት» የሚለው እየተለመደ ነው፤ እሱም ይሁን፣ ሰው ከተግባባበት አልጣላም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ጅማ አጠገብ ባለችው ደዶ ወረዳ ውስጥ የመጀመሪያ ልጁን ለሚጠብቅ ቤት ይህን ወንበር መግዛት አለባችሁ ብትሉ መጀመሪያ የምትቃወመው አያት ናት፣ በአካባቢው ኦሮምኛ አኮ። «ልጁ ከእናቱ እቅፍ ወጥቶ ፕላስቲክ ላይ ይታሰር?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ጭካኔ ይመስላል። ልጅ በአንቀልባ ታዝሎ፣ ደረት ላይ ተለጥፎ ያደገበት አገር ነው። ችግሩ እቅፍ የሚይዘው መኪናው እስካልተጋጨ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከቆመ አይሱዙ ጋር ቢጋጭ፣ ውስጡ ያለው ሰው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ውስጥ ከዚያ ፍጥነት ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ክብደቱ 10 ኪሎ የሆነ የዓመት ልጅ በዚያች ቅጽበት በእናቱ ክንድ ላይ በአማካይ ከ140 ኪሎ በላይ የሚመዝን ያህል ይጎትታል። የኤክስፖርት ቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ ከሁለት ጆንያ በላይ መሆኑ ነው። ያንን በድንገት፣ ሳትዘጋጅ፣ በሁለት ክንዷ የምትይዝ እናት የለችም። ጉልበት ጉዳዩ አይደለም፤ ዓይኗ ሳይርገበገብ ያልቃል። እናትየው ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ የእሷ ክብደት ከኋላ መጥቶ ልጁን ከፊተኛው ወንበር ጋር ያጣብቀዋል። እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ አንድ ላይ ማሰር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሙሉ ክብደቷ በቀበቶውና በእሷ መካከል ባለው ልጅ ላይ ያርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የተገጠመና ጥቅም ላይ የዋለ የሕፃን ወንበር በግጭት የሚሞቱ ጨቅላ ሕፃናትን ቁጥር 70 በመቶ ያህል ይቀንሳል። «በትክክል የተገጠመ» የሚለው ሐረግ ትልቅ ነው፤ ካስማውም የተፈጠረው ለእሱ ሲባል ነው። የሕፃን ወንበር በአዋቂ ቀበቶ ሲታሰር ቀበቶው በተሳሳተ ቦታ ያልፋል፣ ይላላል፣ ይጠማዘዛል። ሁለት ቦታ «ቀጭ» የሚል ነገር ግን ለመሳሳት ይከብዳል።

ሕፃኑ ወደ የት ይዞር? ወደ ኋላ። ይህን ለሰው ማስረዳት ከካስማው ይከብዳል፤ ልጁ ፊቱን ወደ መኪናው የኋላ መስታወት አድርጎ መሄዱ ያናድዳል፣ መንገዱንም አያይም። አዲስ የተወለደ ልጅ ራሱ ከቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ መኪናው ሲቆም አካሉ በማሰሪያው ይያዛል፣ ያ ከባድ ራስ ግን ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ወደ ኋላ ከተዞረ ጀርባው፣ አንገቱና ራሱ አንድ ላይ በወንበሩ ቅርፊት ውስጥ ይቀበራሉ። ሐሳቡን ያመጣው ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጠፈር ተጓዦች በጀርባቸው ተኝተው ሲነሡ አይቶ ለሕፃናትም ይሠራል አለ። የመጀመሪያው ሙከራ በቮልቮ መኪና ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዛሬ በአውሮፓ በሚሠራበት ደንብ ቁጥር 129 ልጅ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ወደ ኋላ ይዞራል። ስዊድኖች እስከ 4 ዓመት ያቆዩታል፤ እኔም የእነሱ ወገን ነኝ።

የደዶ ከተማ ሸኪ ከጅማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለብዙ የደዶ ልጆች የሕይወታቸው የመጀመሪያ የመኪና ጉዞ ይህችው መንገድ ናት፦ ጅማ ሆስፒታል ተወልደው ወደ ደጋው ሲወጡ። ዳገት ነው፣ ይጠማዘዛል፣ በክረምት ዝናቡ አይጣል ነው። ብርዱም ስላለ አራሷም ልጁም በጋቢ ይጠቀለላሉ። ጋቢው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ማሰሪያውን ከላይ ማጥበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ወፍራም ጨርቅ በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፤ ጥብቅ የመሰለው ማሰሪያ ልቅ ሆኖ ይገኛል፣ ልጁም ሾልኮ ይወጣል። ልጁ ስስ ልብስ ለብሶ ይታሰር፤ ማሰሪያው ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ የማይያዝ እስኪሆን ይጥበቅ፤ ጋቢው ከዚያ በኋላ ከላይ ይደረብ። ወንበሩ ራሱ ከ45 ዲግሪ በላይ ቀጥ ካለ የአራስ ልጅ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቆ መተንፈሻውን ስለሚያጠበው አግድመቱም ይታይ። ለአዲስ አበባ መንገድ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ወልቂጤ ላይ ቡና መጠጣት ብቻ አይበቃም። አራስ ልጅ በወንበር ተጣጥፎ ረጅም ሰዓት መቆየት ስለሌለበት ቶሎ ቶሎ ቆሞ ማውጣት፣ ማጥባት፣ ማጋደም ያስፈልጋል።

ታዲያ የትኛው መኪና ይገዛ? የቡና ገንዘብ ሲገባ ብዙው ቤት የሚያስበው ደብል ካቢን ፒክ አፕ ነው፤ ለእርሻውም ለቤቱም ይሆናል። የኋላ ወንበሩ ካስማና ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ካለው ክፉ ምርጫ አይደለም። ሲንግል ካቢን ግን ለአራስ ቤት አይሆንም፤ ልጁ ከፊት መቀመጥ ግድ ይሆናል፣ ፊት ደግሞ ኤርባግ አለ። ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር በሚሠራ ኤርባግ ፊት በፍጹም አይቀመጥም። ኤርባግ ሲፈነዳ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወጥቶ የሚመታው የሕፃኑን ራስ የያዘውን ቅርፊት ነው። በፀሐይ መከላከያው ላይ የሕፃን ወንበር ተሥሎ ቀይ መስመር የተሰመረበት ምልክት ይህንን ነው የሚለው። ሰው ፊት ለፊቱ እያየው ዓመት ሙሉ ይነዳል።

ቪትዝና ኮሮላ ገበያውን እንደያዙ ናቸው። ያረጁት ካስማ ላይኖራቸው ይችላል፤ የተሻሉት አላቸው፤ ስሙን ሳይሆን ስንጥቁን ማየት ነው። በመደገፊያው ሥር ትንሽ ክብ ምልክት የሕፃን ወንበር ሥዕል ይዛ ከተገኘች ካስማው ከሥሯ አለ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ኤርባጉ ቦታው ላይ መሆኑን መካኒክ ያረጋግጥ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 ላይ አርፏል። ከቻይና ገበያ የመጡት ምናሌያቸውም ማስጠንቀቂያቸውም በቻይንኛ ነው፤ የካስማው ሥዕል ግን ቋንቋ አይፈልግም።

ስለ ኮከብ ደግሞ። መኪናን አጋጭተው ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ውጤታቸውን ማየት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ለየትኛው አገር የተሠራው ነው የተፈተነው? የአዋቂው ነው የልጁ ኮከብ? ለምሳሌ ግሎባል ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕንድ የተሠራውን ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶ ሲፈትን ለአዋቂ ዜሮ፣ ለልጅ ሁለት ኮከብ ነበር የሰጠው። ያው ስም በሌላ አገር ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል።

ካስማ የሌለው መኪና ያለው ሰው ይሽጠው ማለት አይደለም። በቀበቶ የሚታሰር የሕፃን ወንበር በደንብ ከታሰረ ሥራውን ይሠራል። ወንበሩ ላይ በጉልበት ተደግፎ ቀበቶውን ማጥበቅ፣ ከዚያ ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዞ መነቅነቅ፤ ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና። ካስማም ቢሆን ገደብ አለው፤ ልጁና ወንበሩ አንድ ላይ ከ33 ኪሎ ሲያልፉ ልጁን የሚይዘው የመኪናው ቀበቶ ነው።

ወንበሩን ከውጭ ዘመድ ይልክላችሁ ይሆናል፤ ሁለተኛ እጅም ይገኛል። ሁለተኛ እጁ የማታውቁት ሰው የነበረ ከሆነ ተዉት። አንድ ጊዜ የተጋጨ ወንበር ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ፕላስቲኩም ዕድሜ አለው፤ ቀኑ ከሥሩ ተቀርጾ ይገኛል። የአውሮፓን ደንብ ያለፈ ወንበር ብርቱካናማ መለያ ይኖረዋል፤ በላዩ ክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ከቁጥር ጋር ተጽፎበታል።

መኪና የሌለውስ? ባጃጅ ላይ የሕፃን ወንበር የሚታሰርበት ነገር የለም፤ አራስ ልጅ ይዞ ወደ ሸኪ የሚወጣ ሰው አንድ ቀን ተበድሮም ቢሆን ኮንትራት መኪና ቢይዝ ይሻላል። ዋጋ ሲነጋገር «የኋላ ቀበቶው ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙ ሹፌሮች የኋላውን ቀበቶ ከወንበር ልብስ ሥር ቀብረውታል፤ መቆለፊያውን ፈልጎ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ እናትየው ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ለሹፌሩ ይደወልለት።