የእንቅልፍ መተንፈሻ መሣሪያን ቤት ውስጥ መልመድ

በእንቅልፍ ላይ የጉሮሮ ጡንቻ ላልቶ የአየር መንገዱ ሲዘጋ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ደጋግሞ ይቋረጣል። ይህ ሕመም ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ኃይለኛ ማንኮራፋት፣ የጠዋት ራስ ምታትና የቀን እንቅልፍ ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ለደም ግፊት፣ ለስትሮክና ለመኪና አደጋ ያጋልጣል።

ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ኦክስጅን አይሰጥም፤ የክፍሉን አየር በግፊት እየላከ ጉሮሮን ክፍት ያደርጋል። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭንብሉ ስለሚያስጨንቃቸው ይተዉታል። ለመልመድ ቀን ላይ ቁጭ ብለው፣ ነቅተው ሳሉ ለ20 እና 30 ደቂቃ ያድርጉት። ትንፋሽ ወደ ንጋት አካባቢ ይበልጥ ስለሚቋረጥ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሰው ሲተኙም አይተዉት።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ ደጋማ አካባቢዎች ናቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተለይ በሱሉልታ፣ መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ከመመሪያው ያረጋግጡ። የሌሊቱ ብርድ አፍንጫ ካደረቀ የእርጥበት መስጫውን ይጠቀሙ፤ ውኃው የተጣራ ይሁን፤ በየቀኑም ይለውጡት። መብራት ከጠፋ ጭንብሉን ያውልቁና በጎን ይተኙ። ግፊቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይቀይሩ።