በሰንበት የበረሩት

የሥራ ባልደረባዬ ሊያገባ ነው። የልጅቷ የእናት ወገን ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤል ነበር፤ እሱ ደግሞ ቂርቆስ ተወልዶ ቂርቆስ ክርስትና የተነሳ ልጅ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «ስለነሱ ምን ማወቅ አለብኝ?» አለኝ። ካዛንቺስ ቡና ላይ የመለስኩለት ስላልበቃኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፣ ታሪክ አይደለም፤ ንባቡ ግን ይዞኝ ጠፍቷል።

መጀመሪያ የሚገርመው መመሳሰሉ ነው። በስምንተኛው ቀን መግረዝ፣ አሳማ አለመብላት፣ ቅዳሜን ማክበር፣ ኦሪትን በግእዝ ማንበብ፤ «ይሄማ የኛው ነው» ያሰኛል። የሃይማኖት አባታቸውን ቄስ ይላሉ፤ መነኮሳትም ነበሯቸው። ታልሙድን ግን አያውቁም ነበር፣ ሐኑካንም አያከብሩም ነበር። ከጎረቤት ጋር ልዩነቱ የሚወጣው ማዕድ ላይ ነው፦ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፣ ክርስቲያኑም የነሱን አይበላም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሥጋ ይዘህ ከመሄድህ በፊት ጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰንበት አለች። «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ሰንበትን በፈጣሪ ፊት ቆማ ለነፍሳት እንደምታማልድ ሴት አድርጎ ያቀርባታል። ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ምግቡ ይሰናዳል፤ ከዚያ በኋላ እሳት አይነድም።

ይህን ይዛችሁ ወደ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ኑ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከጎንደር መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ወራት አስቆጥረዋል፤ የእስራኤል ኤምባሲን ደጅ እየጠኑ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ወጣ። ኢሕአዴግ ወደ ከተማዋ ተጠግቷል። ግንቦት 16 ዓርብ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ መመላለስ ጀመሩ፣ ቅዳሜም ሲገባ አላቆሙም። በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል። እሳት እንኳ የማይነድባት ቀን ላይ፣ ብዙዎቹ በቅርብ እንኳ አይተውት የማያውቁት አውሮፕላን ውስጥ ገቡ። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ፤ አንድ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ጭኗል። ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎላቸው ነበር። እኛ ዳታቤዝ ላይ ለእያንዳንዱ መዝገብ መለያ እንደምንሰጠው ማለት ነው፤ እኔ ግን ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከቁጥሩ ይልቅ እናቶቹ ያዘሉት ልጅ ላይ ይቀራል።

ቁጥር ያልደረሳቸውም ነበሩ። ርስት የተነፈገ ሕዝብ፣ ብረት ቀጥቅጦና ሸክላ ሠርቶ እያደረ «ቡዳ» ሲባል ኖሯል፤ ለአንዳንዱ መጠመቅ መውጫ መንገድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናውያን መጡ፣ ክፉ ቀንም ተጨመረበት። የነዚህ የተጠማቂዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በ1983 «እናንተ ክርስቲያን ናችሁ» ተብለው አዲስ አበባ ቀሩ። ወንድም ሄደ፣ እህት ቀረች።

የሄዱትም በቀላሉ አልገቡም። የሴፋርዲ ዋና ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤልን አይሁድ ናቸው ብለው ነበር። ሆኖም ከዓመታት በኋላ በሱዳን በኩል የደረሱትን ራቢዎቹ በውኃ ካልተነከራችሁ አሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውሞ ወጡ። እኔ ብሆንም እወጣ ነበር፤ ስንት መቶ ዓመት ስለ እምነትህ ስትሰደብ ኖረህ እዚያ ስትደርስ እንደ አዲስ ሰው ስትቆጠር ያንገበግባል።

አሁንም ክርክሩ ዘር ቆጠራ ላይ ነው። በኛ ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው፤ የራቢዎች ሕግ ግን እናትህ ማናት ይላል። ባልደረባዬ ልጅ ሲወልድ ልጁ እኛ ጋ በሱ ስም ይጠራል፣ እዚያ ደግሞ በሚስቱ እናት በኩል ይመረመራል። በሁለቱ መካከል ላለ ሰው የሚሆን ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ፣ በ1983 ወንድሞቻቸው ሲበሩ የቀሩ ሰዎች ዛሬም የአያታቸውን የእናት ስም እየጻፉ ይጠብቃሉ።