ቀይ አፈር፣ ባዶ እግር፣ አንድ ቤተሰብ፦ የበሽታ ምክንያት ስንት ነው?

ሁለት ወንድማማቾችን አስቡ። ያደጉት በአንድ ቤት ነው፤ የሚያርሱት አንድ ማሳ ነው፤ ሁለቱም ዕድሜያቸውን በሙሉ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ነው የሄዱት። የአንደኛው እግር ገና በወጣትነቱ ማቃጠልና ማበጥ ጀመረ። የሌላኛው እግር ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ ደህና ነው። ታዲያ የበሽታው ምክንያት ምንድን ነው?

በመንደሩ ብትጠይቁ «እርግማን ነው» የሚል አይጠፋም። «በዘራቸው ያለ ነው» የሚልም አለ። በሽታው በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ነው። ሳይንስ ምክንያቱን ለማግኘት የሄደበት መንገድ ደግሞ «ምክንያት» የሚለውን ቃል ራሱን እንድንጠይቅ ያደርገናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ካገኘ በኋላ በሕክምናው ዓለም አንድ ሐሳብ ገነነ፦ ለአንድ በሽታ አንድ ተህዋሲ። ሐሳቡ ብዙ ሰው አድኗል። ለዝሆኔም ተጠርጣሪ ነበረው፤ በትንኝ የሚተላለፍ ፊላሪያ የሚባል ክር መሰል ትል። ይህ ትል በቆላ አካባቢዎች እውነትም እግር ያሳብጣል።

ግን እኮ አንድ ነገር አልገጠመም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦመን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ገበያዎች እየተዘዋወረ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ቆጠረ። በሽታው ትሉን የሚያስተላልፉ ትንኞች በማይመቻቸው ደጋማ ቦታዎች ላይ በብዛት ተገኘ። ትሉ ከሌለ ምን አለ?

መልሱን የተከታተለው በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በሽታው ያለበትን ቦታ ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲያስተያይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ አረፈ። በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ሲመረመርም በውስጡ እንደ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያሉ የአፈር ንጥረ ነገሮችን የያዙ ደቃቅ ብናኞች ተገኙ። ሊምፍ ማለት በሰውነታችን ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ ሰብስቦ የሚመልስ የቧንቧ መስመር ነው በሉት። ብናኙ በቆዳ ገብቶ መስመሩን ያስቆጣል፣ ቀስ በቀስም ይዘጋዋል። እግሩም ያብጣል። ፕራይስ በሽታውን «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ አለው።

አለቀ? አላለቀም። ሁለቱን ወንድማማቾች አስታውሱ። በዚያው አፈር ላይ ያለ ጫማ የሚኖር አብዛኛው ሰው አይታመምም። በሌላ በኩል የታማሚ እህትና ወንድም በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል እንደሆነ በኢትዮጵያ የተሠራ የቤተሰብ ጥናት አሳየ። በ2012 ደግሞ በወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረ ጥናት የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ዘረመሎች አካባቢ ልዩነት አገኘ። ስለዚህ «በዘራቸው ያለ ነው» የሚሉት ሰዎች ፈጽሞ አልተሳሳቱም ማለት ነው። ግማሹን ነው ያወቁት።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን በአምፖል ላስረዳችሁ። በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው የተገጠሙ ሁለት ማብሪያዎች አሉ እንበል። አምፖሉ የሚበራው ሁለቱም ሲበሩ ብቻ ነው። አሁን ልጠይቃችሁ፦ ከብርሃኑ ስንት በመቶው የመጀመሪያው ማብሪያ ነው? ጥያቄው ትርጉም የለውም! አንዱን ብታጠፉት ብርሃኑ 100 በመቶ ይጠፋል። ሌላውንም ብታጠፉት እንደዚያው። ኤፒዲሚዮሎጂስቱ ኬኔት ሮትማን በ1976 ያቀረበው ሐሳብም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፦ በሽታ የሚመጣው ተጓዳኝ ምክንያቶች ሲሟሉ ነው፤ ከመካከላቸው የግድ የሚያስፈልግ አንዱ ከጎደለ በሽታው አይፈጠርም። እርግጥ ዘረመል እንደ ማብሪያ «በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ብቻ አይደለም፤ ተጋላጭነትን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ዋናው ነጥብ ግን አይለወጥም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ታሪክን ተመልከቱ። ይህ በሽታ በአንድ ወቅት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድም ነበር። ጫማ ማድረግ የሁሉም ሰው ልማድ ሲሆን ጠፋ። የሰዎቹን ዘር የቀየረ ማንም የለም፤ አፈራቸውም እዚያው ነው። የተቋረጠው የአፈሩና የእግሩ ግንኙነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ገበሬው ለምን ጫማ አላደረገም? ለምን በየቀኑ እግሩን አይታጠብም? ገንዘብ ስለሌለው፣ ውኃውም ሩቅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እነዚህም በዚያው ሽቦ ላይ ያሉ ማብሪያዎች ናቸው። ከሁሉም መካከል እጃችን የሚደርስበትን መፈለግ ደግሞ የኤፒዲሚዮሎጂ ትልቁ ሥራ ነው።

በሽታው ባለበት አካባቢ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ «እነሱ ቤት ዝሆኔ አለ» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ታማሚው ሕመሙ ሳያንሰው እህቱም ዳር ሳትያዝ ትቀራለች። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ልጅ፣ አባቱ ታማሚ ቢሆንም እንኳ፣ ከዚህ በሽታ ሊድን ይችላል። «ዘራቸው ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እንግዲህ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ልጆቹ ጫማ አላቸው?»