ኩርትዝን ጣርማ በር ላይ ስንፈልገው

የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» ያነበበ ኢትዮጵያዊ በእኛ ታሪክ ውስጥ ኩርትዝ ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ሳያመነታ ግራዚያኒን ይጠራል፡፡ ተማሪዎቼም ዘወትር የሚሰጡኝ መልስ ይኸው ነው፡፡ የካቲት 12ና ደብረ ሊባኖስ ምስክር ናቸውና አልፈርድባቸውም፡፡ እኔ ግን አልስማማም፡፡ ግራዚያኒ ወደ አገራችን ሲመጣም ሊቢያ ውስጥ በጭካኔ ስሙን ተክሎ ነው፤ የሚወድቅበት ከፍታ አልነበረውም፡፡ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1899 በመጽሔት ባወጣው በዚያ ልብ ወለድ ኩርትዝ የሚያስፈራን የተማረ፣ አንደበተ ርቱዕና ሥልጣኔን አመጣለሁ ባይ ስለ ሆነ ነው፡፡ ስለ ሥልጣኔ ያማረ ዘገባ ይጽፋል፤ በግርጌው ላይ ግን የጅምላ ፍጅት ምክር በእጁ ያክልበታል፡፡

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን የተካው ዱክ ዳኦስታ ይመስለኛል፡፡ ጠላቶቹ እንግሊዞች ሳይቀሩ ጨዋነቱን መስክረውለታል፡፡ (በወጣትነቱም ስሙን ለውጦ ቤልጂግ ኮንጎ ውስጥ በሳሙና ፋብሪካ ሠርቷል፤ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1890 በእንፋሎት መርከብ በተጓዘበት በዚያው ኮንጎ!)

ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ያውቀዋል፡፡ ጣሊያን ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በስቶ በሙሶሊኒ ስም ጠራው፡፡ «ቢያንስ መንገድ ሠርተውልናል» የሚል ተሳፋሪ ዛሬም እዚያ ላይ አይጠፋም፡፡

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ይዞ መንዝ ለዘለቀ ግን ሌላ ዋሻ አለ፤ ዘረት፡፡ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ አርበኞች ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ተጠልለው ሳሉ ተከበቡ፡፡ መድፍ አልበግር ሲል መርዝ ጋዝ ገባባቸው፡፡ ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ከፈረመች 14 ዓመት ሆኗት ነበር፡፡ እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹ ተለይተው ተረሸኑ፡፡ ሟቾቹ በብዙ መቶዎች ይቆጠራሉ፡፡

ይህ ሁሉ የሆነው በጨዋው ገዢ ዘመን ነው፡፡ ዋሻውን የቆፈሩትም፣ ዋሻውን በመርዝ የሞሉትም የአንድ መንግሥት ሰዎች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የበላይ ሹም እርሱ ነበር፡፡ መንገዱን ለእርሱ የሚቆጥሩለት ወገኖች ዘረትን ለግራዚያኒ ሊያወርሱት አይችሉም፤ ግራዚያኒ ያኔ አገራችንን ለቅቆ ሄዷል፡፡

ጣሊያን ጋዝ መጠቀሟን በይፋ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፡፡ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በወታደራዊ ሰነድ እየተመራ ዘረት ሲደርስ፣ የሟቾቹ አጥንት እዚያው ዋሻ ውስጥ ነበር፡፡ ዱኩ በምርኮ ሳለ በ1934 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሞቶ፣ ኬንያ ውስጥ በኔሪ በክብር ተቀብሯል፡፡